ከድንኳን በፊት የደም ግፊት መለኪያ፦ የቅሬያችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ «ጽፈሽ አምጪው» ተብዬ ስለነበር ረቂቁን ይኸው አቅርቤዋለሁ። እጅ አውጥታችሁ እንድታጸድቁት ሳይሆን እንድታርሙት ነው።

ቅሬያችን፣ ሌላው አገር «እድር» የሚለው፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ሐዘንተኛውን እህል ውኃ ያስቀምሳል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ሰፍሮ ይህን ሥራ ከአባቶቻችን ተቀብለን አሳምረን ይዘነዋል። ዘንድሮ ድንኳን ከተከልንላቸው መካከል ግን ሦስቱ በሕይወት ሳሉ የደም ግፊታቸው አንድም ቀን ተለክቶ እንደማያውቅ ቤተሰቦቻቸው ነግረውኛል። አንደኛው ከብቱን አሰማርቶ ሲመለስ አፉ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ዝሎ ነው የወደቀው። «ብርድ መታው» ብለን ሁለት ቀን ሙሉ በጋቢ ጠቅልለን አስተኛነው። እንዲህ ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ በየወሩ ለመዋጮ ስንገናኝ ዕድሜው 30 ዓመት የሞላው አባል ሁሉ ይለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ እላለሁ። ለርእሱ «የደም ብዛት ምርመራ ዕቅድ» የሚል ስም ሰጥቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዡ

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንባችን የቅሬው ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ እንደሚውል ይደነግጋል። ዛሬ ለመለኪያ ያወጣነው ነገ ለመነጽር፣ ከነገ ወዲያ ለጥርስ ሊጠየቅ ነው። ደግሞም ድንኳኑ በሁለት በኩል ተቀድዷል፤ ክረምቱ ሳይገባ መሰፋት አለበት። ከሣጥኑ አንድ ብር ሳይነካ የሚሆንበት መንገድ ካለ አሳዩኝ፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ እሆናለሁ።

ጡረተኛዋ ነርስ

ገንዘቡን እናንተ ተነጋገሩበት። እኔ የምለምናችሁ «ደም ብዛት» የሚለውን ስም ከርእሱ እንድታወጡልኝ ነው። በሥራ ዘመኔ ከበሽታው ይልቅ ስሙ ነው ያደከመኝ። ሰው «ደምህ በዝቷል» የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ ዋግምት ይታገማል፣ ነስር ሲነስረው «እሰይ፣ ቀነሰልኝ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ድሮ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ስለነበር «እኔን ደም ብዛት ከየት አግኝቶኝ» ብላ ክንዷን አትሰጥም። ሁለቱ አይገናኙም። ደም ማነስ የሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል ማለት ነው፣ ጉድለት ነው። ግፊት ደግሞ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። አንዲት ሴት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልትታመም ትችላለች፤ ብዙ አይቻለሁ።

የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ልብ፣ ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት፣ ይህንኑ 5 ሊትር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያዞረዋል፤ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። ግፊት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው የደሙ ብዛት ሳይሆን መተላለፊያው ነው። ትናንሾቹ ደም ቅዳዎች ሲጠብቡና ግድግዳቸው ሲደድር ልብ ያንኑ ደም ለማሳለፍ አብዝቶ መግፋት ይኖርበታል። ጓሮ የምታጠጡበትን ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ጫን ብትሉት ውኃው ርቆ ይፈናጠራል፤ ውኃ ግን አልጨመራችሁም።

ልብ ጡንቻ ነው። ሸክም ሲበዛበት ግራ ክፍሉ እየወፈረ ይሄዳል፤ የተሸካሚ ትከሻ እንደሚደድር ማለት ነው። ትከሻ ሲደድር ይጠነክራል፤ ልብ ግን ውሎ አድሮ ይደክማል፣ እግር ያብጣል፣ በትራስ ላይ ትራስ ካልተደረበ መተኛት ያቅታል። ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ ኩላሊቱም ዓይኑም አንጎሉም በዝምታ ሲጎዱ ይቆያሉ። ምልክት ሳይኖረው ዓመታት የሚያስቆጥር በሽታ ስለሆነ «ምንም አላመመኝም» ማስረጃ አይሆንም።

የመድረሳው መምህር

ሲስተር የተናገሩትን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት በካይሮ የኖረው ደማስቆ ተወላጁ ሐኪም ኢብን አል ነፊስ የልብን ቀኝና ግራ የሚለየው ግድግዳ ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደሙም ከቀኙ ወደ ግራው የሚሻገረው በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሆነ ጽፏል። ከእርሱ በፊት የነበረው ትምህርት፣ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም የጋሌን ማለት ነው፣ ደሙ በግድግዳው ስውር ቀዳዳዎች ያልፋል የሚል ነበር። ኢብን አል ነፊስ በ1288 ነው የሞተው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ይህን የማነሣው ለወግ ብቻ አይደለም። ከአባላቱ አንዳንዱ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ማለቱ ስለማይቀር በጁምዓ ንግግሬ እጠቅሰዋለሁ። የደብሩ አስተዳዳሪም በበኩላቸው ለምእመናኑ ቢናገሩ መልካም ነው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ

ስለ ስሙ ከሲስተር ጋር እስማማለሁ። ቋንቋችን እኮ አልሰነፈም፤ ከልብ የሚወስደውን «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚያመጣውን «ደም መልስ» ብሎ ሥራውን በስሙ ውስጥ አስቀምጦታል። «ደም ብዛት» ብቻ ነው ያሳሳተን። ርእሱ «የደም ግፊት» ይሁን፤ በቅንፍም ቢሆን አሮጌው ስም አይግባ።

ሌላው ጉዳዬ ልጆች ናቸው። ክፍል ውስጥ ደረጃ ወጥታ ስትመጣ የምታለከልክ የ14 ዓመት ተማሪ አለችኝ። ሐኪም የልብ ቫልቭ፣ የልብ በር ማለት ነው፣ ችግር ነው ብሏታል። ዕቅዱ ላይ ከ30 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ትተነዋል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ጡረተኛዋ ነርስ

መምህር፣ ጥሩ ቦታ ነክተውኛል። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል፣ በእኛ አገር ብዙ ሕፃናትን ይዞ ይኖራል። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ያሳምማል፣ በትክክለኛው መድኃኒት ካልታከመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዛወር ቁርጥማት ያስከትላል። የልጁ አካል ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን ልብ ይወጋል። ቁርጥማቱ ይተዋል፤ ቫልቮቹ፣ በተለይ በግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው፣ ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በር ሲጣመም በደንብ አይከፈትም፣ በደንብም አይዘጋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

እዚህ ላይ ቤታችንን እንይ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል አስቆራጭ ዘንድ እንወስዳለን። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስና ሌላ ቁስለት ያመጣል። ልጁ በጊዜ ፔኒሲሊን ቢያገኝ ኖሮ ልቡ አይነካም ነበር። አንዴ የተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት፤ ሌላ ጥቃት ቫልቩን ይበልጥ እንዳያበላሸው።

እኛ በመለኪያችን ይህን አናገኘውም። አቅማችን ሁለት ነገር ነው። ልጁን ጉሮሮው ያመመው አባል ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ በየስብሰባው መናገር፣ መርፌ የተጀመረለት ልጅ ካለም ቀኑ እንዳያልፍበት ማስታወስ። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ከዚህ ተነሥቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይላካል፤ ከደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ተራም አለው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻ የሚኖረው ሹፌር

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፤ መንገድ ላይ ነበርኩ። እኔ ባለ ግፊት ነኝ፣ አልደብቅም። ከሁለት ዓመት በፊት አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን ታዘዘልኝ፣ አንድ ወር ዋጥኩ፣ ተለካሁ፣ ቁጥሩ ወረደ። «ዳንኩ» ብዬ ተውኩት። ወንድሜ ሽፈራው ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ሰጠኝ፣ እሱን ያዝኩ። ከዚያ ባቲ ቁልቁለት ላይ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ጨጓራዬ መስሎኝ ወተት ጠጣሁ። ዕድሜ ለረዳቴ፣ አስገድዶ ሆስፒታል ወሰደኝ። የልብ ነበር።

ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ይጻፍልኝ፦ ኪኒኑ ግፊቱን ይዞ ያቆየዋል እንጂ አይነቅለውም። እግሬን ሲያሳብጠኝም ዝም ብዬ ከማቆም ለሐኪሙ ብነግረው ሌላ ይቀይርልኝ ነበር። አሁን በየቀኑ እውጣለሁ። በረመዳን ጊዜ ሐኪሙን ጠይቄ ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዛወረልኝ፤ ጾሜንም አልፈታሁም።

ሰብሳቢው ሐጂ

አልሐምዱ ሊላህ፣ ለዚህ ያበቃህ አላህ ይመስገን።

እኔ የሚያሳስበኝ ሁለት ነው። አንደኛው ምስጢር ነው። የሰው ቁጥር በጉባኤ መሐል ከተነበበ ነገ የሚለካ አይኖርም። ሴቶቻችንም ክንዳቸውን በወንድ ፊት አይገልጡም። ሁለተኛው ቡናው ነው። ቡና ሳይጠጣ ስብሰባ ተቀምጠን አናውቅም፤ ሲስተር ግን ባለፈው «ከቡና በፊት» ስትል ሰምቻለሁ። ቡና ከሌለ ማን ይመጣል?

ጡረተኛዋ ነርስ

ሐጂ፣ ቡናውን ማን ነክቶት! ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ መቅረት አለባቸው፤ ሦስቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። በርጫ ላይ የዋለ ሰው ሲለካ እውነተኛ ልኬቱን አናገኝም። እንዲያውም ቡናው ይጠቅመናል። እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ አቦሉ እስኪወርድ ሰው ዐርፎ ይቀመጣል። ለትክክለኛ ልኬት የሚፈለገው ከዚህ ብዙ አይበልጥም፦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይደራረብ፣ ክንድ በልብ ከፍታ ላይ ዐርፎ፣ ሽንት ሳይያዝ። ጨርቁ የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው፤ በእጅጌ ላይ ከታሰረ ቁጥሩ ይሳሳታል። ለሴቶቹ የድንኳኑን አንድ ጥግ በመጋረጃ እንከልላለን፣ የምለካቸውም እኔ ነኝ። ቁጥሩን በካርድ ጽፌ ለባለቤቱ ብቻ እሰጣለሁ።

ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ልዩነት እንለካለን። ላይኛው ቁጥር ልብ ሲጨመቅ ያለው ግፊት ነው፣ ታችኛው ሲላላ ያለው። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል፤ በአንድ ቀን ልኬት «በሽተኛ ነህ» አንልም። 180 በ120 የደረሰ፣ በተለይም ደረቱን የሚያመው፣ አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ወይም ንግግሩ የተኮላተፈ ሰው ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ እዚያው ባጃጅ ተጠርቶ ይሄዳል። ብርድ የሚባል ነገር አልሰማም።

ቡናው ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጨው እናድርግበት ወይስ እንተው? በቀን የሚመከረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ወጡ ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ፣ ቡናው ውስጥ ሲደመር ሳናውቀው እናልፈዋለን። አዮዲን ያለውን ጨው ተዉ አላልኩም፣ እንቅርትም በሽታ ነው። መጠኑ ነው።

ሰብሳቢው ሐጂ

በፊንጃሉ ሳይሆን በጀበናው ቁንጥር ይደረግበት። ከዚያ በታች አልወርድም።

ጸሐፊዋ

ያላችሁትን ይዤ አርሜዋለሁ። ርእሱ «የደም ግፊት ልኬት ዕቅድ» ሆኗል። የገንዘቡን ነገር እንዲህ አስቤዋለሁ፦ የቀብሩ ሣጥን አይነካም። ከሠርግ ለሚመጡ ተከራዮች ድንኳኑንና ወንበሩን ስናከራይ የምናገኘው ገቢ በደንቡ አልተመደበም፣ መለኪያው ከዚያ ይገዛ። በክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሲስተር አልወደዱትም።

ቁጥሩ ከፍ ያለበት አባል ጤና ጣቢያ ሲሄድ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታከም ይችላል። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ሆኖም ካርዱን ያላሳደሱ አባላት አሉን። የማሳደሻውን ጊዜ በቅሬው ስብሰባ ማስታወስም በዕቅዱ ገብቷል። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚጻፈውን ደብዳቤ መምህሩ ያረቅቁታል፤ የምንጠይቀው ሲስተርን የሚያግዝ አንድ ባለሙያ በየወሩ ለግማሽ ቀን እንዲመደብልን ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዡ

የኪራዩ ገቢ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። መለኪያውን ከደሴ ከሁለት መድኃኒት ቤት ዋጋ ጠይቄ አመጣለሁ፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ቦታ አልገዛም። ባትሪውን «የድንኳን ጥገና» ከሚለው ሥር መዝግቤዋለሁ፤ ሌላ መደብ የለኝም። መጋረጃው ሲሰፋ ቀዳዳዎቹም አብረው ይሰፉ።