ትንሽ የመኝታ ተጎታች በቤት ውስጥ መሥራት፦ አክስሉ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኔና ባለቤቴ በጋ በመጣ ቁጥር ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እየወጣን በድንኳን እናድራለን። ሆኖም ከፍታው ላይ በሐምሌም ቢሆን ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስተኛና የኋላ ክዳኑ ሲነሣ ወጥ ቤት የሚሆን ትንሽ ተጎታች በጋራዣችን ልሠራ አስቤአለሁ። ለመነሻ በብሎን የሚገጣጠም 4 ጫማ በ8 ጫማ የብረት ሻንሲ (ሣጥኑ የሚያርፍበት መሠረት) ገዝቻለሁ። የመኪናዬ መመሪያ ከ1,500 ፓውንድ በላይ መጎተትን፣ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ክብ ብረት፣ በቦላው ላይም ከ150 ፓውንድ በላይ ማሳረፍን ይከለክላል። ለግድግዳው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ብጠቀም ይከብድብኝ ይሆን? አክስሉስ (ሁለቱ ጎማዎች የሚገጠሙበት አግድም ብረት) አሁን ባለበት ይቆይ ወይስ ይዛወር?

መልስ (አናጺ፣ ከቨርጂኒያ)

ባለ 18 ሚሊ ሜትሩን ለቁም ሳጥን ይተዉት። በዚህ ውፍረት 4 በ8 ጫማ የሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ60 እስከ 70 ፓውንድ ይመዝናል፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ግን ከ20 ፓውንድ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ከቀጫጭን ሞራሌ ፍሬም ሠርተው ክፍተቱን በጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይሙሉት፤ ከውጭ ባለ 6፣ ከውስጥ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኮላ ያልብሱት። ሦስቱ ተጣብቀው አንድ አካል ሲሆኑ ግድግዳው ከወፍራሙ ጣውላ ቀሎ ጥንካሬው የሚያስተማምን ይሆናል፤ ብርዱንም ይከለክላል።

ውኃ ወደ ኮምፔንሳቶ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ፣ የበርና የመስኮት ቀዳዳዎችን ጭምር፣ ክዳን ከመግጠምዎ በፊት በኤፖክሲ (ሲደርቅ ውኃ የማያስገባ ፈሳሽ ሙጫ) ያጥግቡት። የሣጥኑን ማዕዘኖች ከሚሸፍነው አሉሚኒየም ሥር ደግሞ ሲሊኮን ሳይሆን የቡቲል (እንደ ላስቲክ ያለ) ማጣበቂያ ጥቅል ይጠቀሙ፤ ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ በላዩ ላይ አይዝም፤ ጥገና የሚያስፈልግበት ቀን ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

መልስ (ከዴንቨር)

ወንድሜ፣ የአክስሉ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው መጋረጃውን ከሰቀለ በኋላ ነው። ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በቦላው ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ በፍጥነት ሲሄድ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝውዙም መኪናውን ጭምር ከመንገድ ሊያወጣ ይችላል። ሲጫን 1,200 ፓውንድ ይሆናል ብለን ብናስብ፣ በቦላው ላይ ከ120 እስከ 180 ፓውንድ ያስፈልጋል፤ የእርስዎ መኪና 150 ስለሚል በ120 እና በ150 መካከል መግባት ይኖርብዎታል። እንደ መነሻ፣ አክስሉ ከሣጥኑ ፊት ሲለካ በርዝመቱ 60 በመቶ ግድም ላይ እንዲውል ያድርጉ፤ አክስሉ የሚታሰርበትን የመጨረሻ ቀዳዳ ግን ሣጥኑ አልቆ፣ ፍራሹና ባትሪው ገብቶ ሳይመዝኑ አይብሱ።

በቦላው ላይ የሚያርፈውን ለመመዘን ሰው የሚመዘንበት የቤት ሚዛን ይበቃል። ጠንካራ ጣውላ ወስደው አንዱን ጫፍ በግንድ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በሚዛኑ ላይ ያሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል 3 ጫማ ይሁን። የተጎታቹን አንገት (ከቦላው ጋር የሚያያዘውን የፊት ጫፍ) ከግንዱ 1 ጫማ፣ ከሚዛኑ 2 ጫማ ርቆ በሚገኘው ነጥብ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑ ያነበበውን በ3 ያባዙ። የጣውላው ክብደት እንዳይቆጠር ሚዛኑን አስቀድመው ዜሮ ያድርጉት። ጎማዎቹ በድንጋይ መታገዳቸውን፣ ተጎታቹም ከመኪናው ጋር ሲያያዝ በሚኖረው ከፍታ አግድም መቆሙን ያረጋግጡ።

ሌላው፣ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ በሚወጣው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ስለሚያጣ፣ 1,500 የተባለውን እስከ ጠርዙ አይጠቀሙበት። የሻንሲውን የአምራች ሰነድና የዕቃ ደረሰኞችን ሁሉ ደግሞ ሰሌዳ ሲያወጡ ስለሚጠየቁ አይጣሉ።

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪሻን)

ስለ መብራቱ ባጭሩ፦ በባለ አራት ገመዱ ሶኬት ነጩ ማሳ (ከተጎታቹ ብረት ጋር የሚያያዘው የመመለሻ ገመድ)፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። ፍሬቻው ሲደንስ ወይም መብራቱ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚፈተሸው ማሳው ነው፤ ነጩን ገመድ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት በሚታይበት ቦታ ላይ ያያይዙት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወጥ ቤቱ ከኋላ ከሆነ ታዲያ ውኃው፣ የጋዝ ምድጃውና የቡናው ዕቃ ሁሉ ሚዛኑን ወደ ኋላ አይጎትተውም? ዝናብ ቢመጣስ ከሰሉን በክዳኑ ሥር አድርጎ ቡና ማፍላት ይቻላል?

መልስ (ከዴንቨር)

ይጎትተዋል። 20 ሊትር ውኃ ብቻውን 44 ፓውንድ ስለሆነ ጀሪካኑን በአክስሉ ትክክል፣ ባትሪውን ከፊት ያድርጉ፤ ከኋላ ጀበናና ሲኒን የመሳሰለው ቀላል ዕቃ ብቻ ይቀመጥ። ከሰል ግን በክዳኑም ሥር ሆነ በውስጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ክፍሏም ጠባብ ናት። ለመተኛውም ቢሆን አንድ የአየር መግቢያ ከታች፣ አንድ መውጫ ከላይ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በትራስጌ ያስፈልጋል። ያለ አየር ማስገቢያ ሁለት ሰው ያደረበት ክፍል ግድግዳ ጠዋት በእርጥበት ይንጠባጠባል። ደግሞም በበጋው የእሳት ክልከላ ጥብቅ በሚሆንበት ጊዜ ከሰል በተራሮቹ ላይ ይከለከላል፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚፈቀድ ቡናውን በእሱ ቢያፈሉ ይሻላል።