ለሚሮጥ ውሻ ምን ያህል ሥጋ፣ ምን ያህል ሩዝ? (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ ቤዛዊት ዳገት
ጤና ይስጥልኝ። የ4 ዓመት ወንድ ውሻ ነው፤ ክብደቱ 25 ኪሎ። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት በቤዛዊት በኩል ዞሮ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። የሚበላው የተረፈ እንጀራ በወጥ፣ ከቄራ የሚመጣ ጥሬ ሳንባና አጥንት ነው። ሆዱ እስኪሞላ ይበላል፤ ግን ጎኑ ገብቷል፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል፣ ዓይነ ምድሩ ቀጥኗል፣ ግማሽ መንገድ ላይም ይቆማል። የፋብሪካ ምግብ በየወሩ መግዛት አቅም አይፈቅድም። ቤት ውስጥ ምን ይብሰልለት? መጠኑስ? ከሩጫ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጣና ዳር (የእንስሳት ሐኪም)
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወጡን አቁም። ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈነዳሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገባ ደሙ ያንሳል፤ ያኔ ውሻው ይደክማል። ዛሬውኑ ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እይ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። ከነጣ ወይም ሽንቱ ቡናማ ከሆነ ሩጫውን አቁመህ ደሙን አስመርምር።

ሌላው ችግር ጉልበት ነው። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ሳንባ ደግሞ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ ረጅም መንገድ የሚሮጠው በዋናነት በስብ ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች 4 ብቻ ነው። 25 ኪሎ ውሻ ዝም ብሎ ቢተኛ እንኳ በቀን 780 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ እንዲህ ለሚሮጥ ከ1500 እስከ 1700 ያስፈልጋል።

ለአንድ ቀን ይህን ሞክር፦ ጥቂት ስብ ያለው የበሬ ሥጋ 500 ግራም (በጥሬው የተመዘነ)፣ ጉበት 60 ግራም፣ የፎገራ ሩዝ 100 ግራም ደረቁን፣ አንድ እንቁላል፣ የተከተፈ ካሮት ወይም ዱባ አንድ እፍኝ፣ አዮዲን ያለው ጨው በጣት ጫፍ ቁንጥር። ሩዙ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይብሰል፤ ያልበሰለ ሩዝ ሆድ ያቀጥናል። ሲበርድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምር። ድምሩ 1500 ካሎሪ አካባቢ ነው። ጉበት ጥሩ ነው ብለህ አታብዛው፤ ቫይታሚን ኤ ሲከማች አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል።

የእንቁላል ቅርፊት እንዳትረሳ። ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም፤ ጉድለቱን ሰውነት ከራሱ አጥንት ይወስዳል። ቅርፊቱን አጥበህ ምጣድ ላይ አስር ደቂቃ አድርቀው፣ እንደ በርበሬ ደቁሰህ በወንፊት ንፋው። በቀን አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም ገደማ) ይበቃዋል። ምላስ ላይ ከሻከረ አልደቀቀም። ወራት ሙሉ ይህን ብቻ ከበላ ግን ዚንክና ቫይታሚን ኢ ስለሚጎድሉት የውሻ ማዕድንና ቫይታሚን ዱቄት ይጨመርለት።

በአንድ ቀን አትቀይርበት፦ ሦስት ቀን ሩብ፣ ሦስት ቀን ግማሽ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሩብ አዲሱን።

ዓባይ ማዶ
በሰዓቱ ልጨምር። ጠዋት በባዶ ሆዱ ይሩጥ። ሮጦ ሲጨርስ ወዲያው አታቅርብለት፤ ማለክለኩ ረግቦ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ፣ ከዚያ ግማሹን ስጠው፤ ግማሹን ማታ። ጠግቦ የሮጠ ውሻ፣ በተለይ ደረቱ ጥልቅ ከሆነ፣ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊዞር ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ሰዓታት ናቸው ያሉህ፤ ቀዶ ጥገና እንጂ የቤት መድኃኒት አይፈታውም።

ውሃውን ከቤት ያዝ፤ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። በሐይቁ ዳር እምቦጭ በተኛበት ወይም አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት በሚመስል ቦታ እንዳይጠጣ። ያ አረንጓዴ አልጌ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ሳትከር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ይጨርስ።

ጣና ዳር (የእንስሳት ሐኪም)
ስለ ጥሬው ሳንባ ሳልናገር አለፍኩ፤ ይሄ የቤተሰብህም ጉዳይ ነው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ታያለህ። ውሻ ያንን በጥሬው ከበላ ሆዱ ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ትል ይፈለፈላል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅ ይሄዳል፣ ሰው ጉበት ላይም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ከረጢት ያለበትን ቅበረው፤ ሌላውን ቆራርጠህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅል። አሁን ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ መድኃኒት ይሰጠው፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ለእሱ 125 ሚሊ ግራም። የተቀቀለ አጥንት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ቤዛዊት ዳገት
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድዱ ትንሽ ነጣ ብሏል፤ ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ሁዳዴ ላይ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉስ? ዓሣ ይሆናል?

ዓሣ አስጋሪ ሰፈር
ይሆናል፣ ግን በጥሬው አትስጥ። ቢልጫን የመሰሉ የካርፕ ወገን ዓሦች ብዙዎቹ በጥሬያቸው ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰብር ነገር አላቸው፤ ለሳምንታት ከቀጠለ ውሻው ይንገዳገዳል፣ አንገቱ ይጣመማል። ሲበስል ይጠፋል። ዋጋው የሚቀንሰው ለሰው ሥጋው ተገፎ የሚቀረው የቆሮሶ ጭንቅላትና አጽም ነው፦ 20 ደቂቃ ቀቅለህ፣ ሲበርድ ሥጋውን በእጅህ ለቅመህ በጣቶችህ መሃል እያሸህ ፈትሽ፤ የጎን እሾሁ ፀጉር የሚያህል ስለሆነ ዓይን ያመልጠዋል። ቆሮሶ ስብ ስለሌለው በ500 ግራም የበሬ ሥጋ ፈንታ 600 ግራም የተለቀመ ዓሣ አድርግ፣ ዘይቱን ከአንድ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አሳድግ። በየሦስት ቀኑ ግማሽ ማንኪያ እየጨመርክ ሂድ፤ በአንድ ጊዜ የገባ ዘይት ያስቀምጠዋል፣ ቆሽቱንም ሊያስቆጣ ይችላል። የእንቁላል ቅርፊቱ እንዳለ ይቀጥል።

በየሳምንቱ አቅፈኸው ሚዛን ላይ ውጣ፣ የራስህን ቀንስ። የጎድን አጥንቱ በመዳፍ ሲዳሰስ እየተገኘ ከሩቅ መቆጠሩ እስኪቀር ድረስ ምግቡን በአሥር እጅ አንድ እጅ እየጨመርክ ሂድ።