የፒፕን ድምፅ መለየት አቃተኝ፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ለክፍል እያነበብኩ ነው። ፒፕ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ አድጎ የራሱን ታሪክ የሚተርክበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በየሳምንቱ እየተከፋፈለ የወጣ ልቦለድ ነው።

ተምሳሌቶቹ አላስቸገሩኝም። በሰርጓ ቀን እጮኛዋ የከዳት ሚስ ሃቪሻም ቤት ሰዓቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ለ9 ሃያ ጉዳይ ላይ ቆመዋል። የሰርጉ ኬክ የሸረሪት ድር ለብሷል። ይሄ ገብቶኛል።

የከበደኝ ተራኪው ነው። ያሳደገው የእህቱ ባል፣ አንጥረኛው ጆ፣ ለንደን ድረስ ሊጠይቀው ሲመጣ ፒፕ ያፍርበታል። ምስኪኑ ጆ ባርኔጣውን የሚያኖርበት ያጣል። የምድጃው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይወድቃል፣ ያነሳዋል፣ ደግሞ ይወድቃል። በእጁ ያደገውን ልጅ «ጌታዬ» ይለዋል። እዚህ ጋ አንጀቴ ተላወሰ።

ግን የሚያፍረው ወጣቱ ፒፕ ነው፤ የሚተርክልን ደግሞ በኋላ የተጸጸተው ፒፕ። የቱ ዓረፍተ ነገር የየትኛው እንደሆነ በምን ልለይ? ሁለቴ ጽፌ ሁለቴም ቀደድኩት። «ፒፕ ውለታ ቢስ ነው» ብዬ መደምደም አልፈልግም፣ ራሱን የሚከሰው እሱ ራሱ ነውና።

ደግሞ ዲከንስ መጨረሻውን በወዳጁ ምክር ቀይሮታል። የፊተኛውንም ልጥቀሰው ወይስ ልተወው? የማስረክበው አርብ ነው። ያነበባችሁት ካላችሁ አንድ አንቀጽ ወስዳችሁ ብታሳዩኝ ውለታችሁን አልረሳም።