ሌሊቱን ቀን ያደረገች የ22 ወር ልጅ፦ ከረጅም በረራ በኋላ እንቅልፏን እንዴት እናስተካክል?

ጥያቄ፦ እንቅልፍ ያጣች እናት

ልጄ 22 ወሯ ነው። ሌላ አገር ሁለት ወር ቆይተን ከአራት ቀን በፊት ወደ ምሥራቅ በረን ቤታችን ተመለስን፤ የሰዓት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። እዚያ ሳለን ማታ 2 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 1 ሰዓት ትነሣ ነበር። አሁን ማታ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳትና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ዓይኗ ቁልጭ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እስከ 10 ሰዓት ተኩል ተጫወተች። ትናንት ደግሞ ጫማዋን ከበሩ ሥር አምጥታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችና «እንሂድ» አለችኝ፤ የተኛችው 9 ሰዓት ላይ ነው። ካልተቀሰቀሰች እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ትተኛለች፤ ከሰዓት በኋላም ሦስት ሰዓት ትጨምርበታለች።

እኔም ባለቤቴም ሥራ ገብተናል። ሌሊት ዝም እንድትልልኝ በስልክ ቪዲዮ እያሳየኋት ነው፤ ደግ እንዳልሠራሁ አውቃለሁ። አንዲት ዘመዳችን የጉንፋን ሽሮፕ ስጫት፣ ያስተኛታል ብላኛለች። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ የመንትዮች አባት

አይዞሽ እህቴ፣ የልጅሽ ሰውነት ገና ከአውሮፕላኑ አልወረደም። እስቲ አስቢው፦ እናንተ ጋ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን በነበራችሁበት አገር ቀን 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማታ የምትተኛው የቀን እንቅልፏን ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ስትነቃ ለሰውነቷ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ የጨዋታ ሰዓት ነው። እልኸኛ ሆና አይደለም። በጥቅሉ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይወስዳል፤ ከ10 ሰዓት ተኩል ወደ 9 ሰዓት መምጣቷም ነገሩ መንቀሳቀሱን ያሳያል።

ስልኩን ግን ዛሬውኑ ደብቂው። እኛም ሞክረነው ነበር፤ በሦስተኛው ሌሊት ልጆቹ እኛን ትተው ስልኩን እየጠሩ ነቁ። በኋላ የበጀን ይህ ነው፦ ከክፍሏ አትወጣም፤ ደብዘዝ ያለች መብራት ወለል ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ድምፅ የማያወጣ መጫወቻ ብቻ ይሰጣታል፤ ንግግር ሁሉ በሹክሹክታ ነው። ሁለታችሁም አትንቁ። አንዱ እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ከዚያ በኋላ በፈረቃ ያዙ። የሚጠብቃት ሰው ሶፋ ላይ ታቅፏት እንዳይተኛ፤ አደገኛ ነው።

መልስ፦ ሴት አያት

ልጄ፣ ይህን ያህል ማሰብ አያስፈልግም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሻት፣ ቀን እንቅልፍ የሚባል አታሳያት፣ ማታ ደክሟት ትወድቃለች። ሆዷንም አትርሺ። በሌላ አገር ምሳ ሰዓት የለመደች ልጅ ሌሊት ይርባታል።

መልስ፦ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ

በሽሮፑ ልጀምር፦ አትስጫት። እንቅልፍ ያመጣሉ የሚባሉት የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች አንዳንድ ሕፃናትን ጭራሽ ያቅበጠብጣሉ፤ መጠኑ ከተሳሳተ ደግሞ ትንፋሽ ላይ ችግር ያመጣሉ። ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞንም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም።

እማማ፣ ስለ ሆዷ ያሉት ልክ ነው። ሌሊት በእርግጥ ከራባት ትንሽ ነገር በዚያው በደብዛዛው መብራት ትቅመስ፤ ሙሉ ማዕድ ግን አይቅረብላት፤ ሰውነት የምግብ ሰዓትንም ይከተላልና። በንጋት መቀስቀሱ ላይ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን እንቅልፉ ይሰባበራል እንጂ አይረጋም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የሰውነትን ሰዓት ከምንም በላይ የሚያንቀሳቅሰው ብርሃን ነው፤ ግን መቼ እንደታየ ይወስነዋል። የሰውነታችን ሙቀት ከመንቂያችን 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ በጣም ዝቅ ይላል። ከዚያ በፊት የታየ ብርሃን ሰዓቱን ያዘገየዋል፣ ከዚያ በኋላ የታየው ያስቀድመዋል። እናንተ እንዲቀድም ነው የምትፈልጉት። በደረሳችሁበት ቀን የልጅቷ ሙቀት ዝቅ የሚልበት ሰዓት እናንተ ጋ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት መካከል ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማለዳ ፀሐይ ለእሷ የማታ መብራት ነው፤ ወደማትፈልጉት ወገን ይጎትታታል።

አሁን ግን የምትነቃው ረፋድ 5 ሰዓት ስለሆነ ያ ሰዓት ወደ ጠዋት ቀድሟል። እንዲህ አድርጊ። ነገ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ቀስቅሻትና ደጅ አውጫት፤ ከመስኮት ሥር ተቀምጦ የሚገኘው ብርሃን ከደጁ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል እያስቀደምሽ እስከ 1 ሰዓት አድርሻት። እስከዚያ ጠዋት መጋረጃው ይዘጋ። የቀን እንቅልፏ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይሁን፣ ከ10 ሰዓት በኋላም አይቀጥል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት የቤቱን መብራት ቀንሱ። በዚህ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይበቃል።

ትኩሳት ካላት፣ ጆሮዋን የምትጎትት ከሆነ ወይም ስትጋደም የሚብስ ለቅሶ ካለ፣ ጉዳዩ የሰዓት ለውጥ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ይያት። ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለም እንዲሁ።

እንቅልፍ ያጣች እናት (ከስድስት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩን በነሣኋት ሌሊት 40 ደቂቃ ያህል አልቅሳብኛለች፤ በማግስቱ ግን ጠይቃው ዝም አለች። ከቀኖቹ ሁሉ ከባዱ ረፋድ መቀስቀሱ ነበር፤ ሰውነቷ እንደ እርጥብ ልብስ ዝልፍልፍ ይልብኝ ነበር። ደጅ ወጥታ አሥር ደቂቃ ሲሞላት ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች።

አንድ ቀን ተሳስተናል። ማምሻውን 11 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ለ20 ደቂቃ ሸለብ አደረጋትና እስከ ማታ 4 ሰዓት አልተኛችም። ትናንት 2 ሰዓት ተኩል ተኝታ አንዴ ብቻ ነቃች፤ ውኃ ጠጥታ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በራሷ ተነሣች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደዚያው መመለሳችን ነው። ያኔም ይኸው ነው?

የመንትዮች አባት

ወደ ምዕራብ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። የሰው የውስጥ ሰዓት በአብዛኛው ከ24 ሰዓት በትንሹ ስለሚረዝም ከማስቀደም ማዘግየት አይከብደውም። ያኔ ማምሻውን ቶሎ ትደክምባችኋለች፣ ሳይነጋም ትነሣለች። ብርሃኑን ገልብጡት፦ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ደጅ ትቆይ፣ መኝታዋንም በጥቂት በጥቂቱ አዘግዩት። ጫማዋን ደግሞ እጇ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት።