የጣናን ነጭ ዓሣ በኩሬ አራብቶ መልቀቅ ይበጃልን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ እየተመናመነ ስለሄደ ባሕር ዳር አቅራቢያ የጫጩት ማባዣ ሠርቶ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ይሻላል ወይስ ገንዘቡ እንደ ጉማራና ርብ ላሉት የመራቢያ ወንዞች ጥበቃ ይዋል? «ዓሣ የተፈለፈለበትን ውኃ ያስታውሳል፤ የኩሬ ዓሣ ግን ወንዙን አያውቀውም» የሚል አስተያየት በመሰጠቱ፣ ተሳታፊዎች በዚሁ ላይ እንዲያተኩሩ ይጠየቃል።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ አስተያየቱ የእኔ ስለሆነ መነሻዬን ላስረዳ። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ ከእናታቸው ተለይተው የተፈለፈሉ የዝይ ጫጩቶች በመጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር፣ ሰውም ቢሆን፣ እንደ እናት ቆጥረው እንደሚከተሉ አስረድቷል፤ ኢምፕሪንቲንግ ወይም የመጀመሪያ አሻራ የሚባለውም ይህ ነው። የሐይቅና የዓሣ ተመራማሪው አርተር ሃስለር ደግሞ ሐሳቡን ወደ ዓሣ ወሰደው። ሳልመን በባሕር ኖሮ ሊራባ ሲመለስ ከብዙ ገባሮች መካከል የራሱን ወንዝ የሚለየው በልጅነቱ ባሸተተው የውኃ ሽታ ነው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ እየዋኙ፣ ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በኩሬ ያደገ ጫጩት የየትኛውን ወንዝ ሽታ ይዞ ሊመለስ ነው?

መሐንዲስ፦ እህቴ የጠሩት ምስክር ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። ሃስለርና ባልደረቦቹ በማባዣ ጣቢያ ያደጉ የሳልመን ግልገሎችን ሞርፎሊን የተባለ ኬሚካል እጅግ በጥቂቱ በተጨመረበት ውኃ አቆይተው ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ለቀቋቸው፤ ዓሦቹም ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ሊራቡ ሲነሡ ያው ኬሚካል የሚንጠባጠብበትን ወንዝ መርጠው ገቡ። የማባዣ ዓሣ መንገድ መማር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የጉማራን ውኃ ወደ ማባዣው መሳብ ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። አሻራው ፈጽሞ አይፋቅም የሚለው የሎሬንዝ አቋምም ቢሆን አልጸናም። ቢጫ የጎማ ጓንት እያዩ ያደጉ አውራ ጫጩቶች መጀመሪያ ጓንቱን እንደ ሴት ዶሮ ቆጥረው ሊገናኙት ሞክረው፣ ከሴት ዶሮዎች ጋር ከቆዩ በኋላ ግን እንደማንኛውም አውራ ዶሮ ሆነዋል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሁለታችሁም የወላጆችን አሻራ ዘነጋችሁ። በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት ትወለዳለች፤ አባቱ ፈረስ እናቱ አህያ ሲሆኑ ግን የሚወለደው በመልኩም በጠባዩም ይለያል። አንዳንድ ዘረመሎች ከአባት ሲመጡና ከእናት ሲመጡ ሥራቸው የተለያየ ነውና፣ በማባዣው የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደሚጣመር ካልተጠነቀቅን ጉድለቱ ወደ ሐይቁ ይገባል።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ ዶክተር፣ በቅሎ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ለዓሣ ግን አትሆንም። እ.ኤ.አ. በ1984 እንደታየው ከሁለት እናት ወይም ከሁለት አባት ብቻ በተገኘ ዘረመል የተሠራ የአይጥ ሽል አድጎ አይወለድም፤ ምክንያቱም እርስዎ ያሉት የወላጆች አሻራ በአጥቢ እንስሳት የግድ ያስፈልጋል። ዜብራፊሽ የተባለችው ትንሽ ዓሣ ግን በእናቷ ዘረመል ብቻ ተፈልፍላ አድጋ ትራባለች። ስለ ጥምረቱ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጣና ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው የወጡ ሲሆኑ፣ ይህን የሚመስለው የፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የዓሣ ስብስብ አብዛኛው ጠፍቷል። በአንድ ገንዳ የተደባለቀ ዝርያ ማንም ተመልሶ አይለየውም።

መሐንዲሱን በተመለከተ የምቀበለው ግማሹን ነው። ሳልመን ሽታውን በደንብ የሚይዘው ወደ ባሕር ለመውረድ ሰውነቱ በሚለወጥበትና የታይሮይድ ሆርሞኑ ከፍ በሚልበት ወቅት ነው። ነጭ ዓሣ ባሕር የማይወርድ በመሆኑ ያንን የጊዜ ሰሌዳ ከሳልመን ልንዋስ አንችልም። እንዲያውም ላምፕሬ የተባለው መንጋጋ የሌለው ዓሣ ወደ ተወለደበት አይመለስም፤ የሚከተለው በወንዙ ውስጥ ያሉ የዝርያውን እጮች ሽታ ነው። የእኛም እንዲህ ከሆነ፣ ባዶ የሆነ ወንዝ ዓሣ አይጠራም ማለት ነው።

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ፦ እኔ አሻራውን የማየው በእኛው አሠራር ላይ ነው። የሶሺዮሎጂ ሊቁ አርተር ስቲንችኮም እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው፣ ተቋማት የተመሠረቱበትን ዘመን ጠባይ ለረጅም ጊዜ ተሸክመው ይኖራሉ። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ምርትን ለማሳደግ ነበር፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬም «ጫጩት እንጨምር» የሚለው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣልን ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

አስጋሪ፦ የተማራችሁት ስለ ሽታው ተነጋገሩ፤ እኔ ስለ ወንዙ አፍ ልናገር። በነሐሴ ጉማራ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ መረብ የጣለ ሰው የሚያወጣው፣ ሆዷን ጫን ሲሏት ቢጫ እንቁላል የሚፈስሳትን ዓሣ ነው። ላይ ደግሞ እንቁላሉ የሚያርፍበት ጠጠርና አሸዋ በመኪና ተጭኖ ለግንባታ ይሄዳል፤ በበጋ የመስኖ ፓምፕ ውኃውን ይስባል። ኢንጂነር፣ ከማባዣው የሚለቀቀው ዓሣ ወንዙን አስታውሶ ቢመጣ የሚገባው ወደዚሁ መረብ አይደለም ወይ?

መሐንዲስ፦ ለዚህ መልስ የለኝም፤ የመራቢያ ወራት ማጥመድ ካልቆመ ማባዣው ከንቱ እንደሚሆን እቀበላለሁ። ሆኖም ርብ ላይ ግድብ ከተሠራ በኋላ ሽቅብ መዋኘት ለማይችል ዓሣ ጥበቃ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ስለዚህ አስቀድመን ጉማራ አፍ ላይ በሚያዙ ዓሦች ላይ ምልክት አስረን እንልቀቅና፣ በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ወንዝ ወይስ በሌላ እንደሚያዙ እንይ። በዚያው ከተያዙ ማባዣው በወንዙ ዳር በወንዙ ውኃ ይሠራ፤ ተበታትነው ከተያዙ ሐሳቤን አነሣለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ዝርያው ተለይቶ እስከተመዘገበ ድረስ።

አስጋሪ፦ ምልክት ያለበትን ዓሣ ይዞ ለሚያስረክብ ሰው የዓሣው ዋጋ እዚያው የሚከፈለው ከሆነ እኛም እንተባበራለን። ካልሆነ ግን ዓሣው በዚያው ቀን ገበያ ይወጣል፤ ምልክቱም ይጣላል።