ለአዋቂ የሚሆን ፊልም ጠፋ ወይስ እኛ ጠፋን?

(ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የነዋሪዎች ግሩፕ)

የብሎክ 12 አስተባባሪ፦ ጎረቤቶች፣ ፕሮጀክተሩ መጥቷል። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ኮሚናሉ ውስጥ ፊልም እናያለን። በግ የምናርድበት ክፍል ሳይሆን ላይኛው አዳራሽ ነው። ልጆች የራሳቸው ቀን አላቸው፣ ይሄኛው ለአዋቂ ነው። ምን እንይ? «ለኛ ዕድሜ የሚሆን ፊልም መሠራት ካቆመ ቆየ» የምትሉም አላችሁና እስቲ ተከራከሩበት።

ጡረተኛው መምህር፦ ቆሟል እንጂ! ፒያሳ ስኖር ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፌ ነበር፤ አምባሳደርም በእግሬ እሄድ ነበር። አሁን ስታዲየም ለመድረስ ሁለት ታክሲ፣ ስመለስ ደግሞ ሰልፍ። ያን ሁሉ ተንገላትቼ የማገኘው ወይ በአየር ላይ የሚበር ሰው ነው፣ ወይ ሁለት ጓደኛሞች አንዲት ልጅ የሚሻሙበት ኮሜዲ።

የብሎክ 7 እናት፦ እኔ ደግሞ «ለአዋቂ» ስትሉ ደንግጬ ነበር። ድሮ እንዲያ የሚባለው ቪዲዮ ቤት በር ዘግቶ የሚያሳየው ነበር እኮ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ፊልሙ አልጠፋም፤ እርስዎ ጋ አልደረሰም። በፈረንጆቹ 2020 የወጣውን «ዘ ፋዘር» አይተውታል? አንቶኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመቱ ኦስካር ያገኘበት ነው። የመርሳት ሕመም የያዛቸው አባት ታሪክ ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን በሽተኛውን ከውጭ ያሳየን ነበር። ይሄ ግን እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ይከተናል። የቤቱ ዕቃ ይቀያየራል። ልጃቸው ወጥታ ስትመለስ መልኳ የሌላ ሴት ነው። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብለን እኛም አብረናቸው እንፈራለን። እናቴ በመጨረሻዋ ዓመት የራሷ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ «ቤቴ ውሰጂኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም እቆጣት ነበር። ሙያዬ ነርስ ነው፣ ግን ምን እያለችኝ እንደነበር የገባኝ ይሄን ፊልም ካየሁ በኋላ ነው።

የሚኒባስ ሹፌሩ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ የዋለ ሰው ቅዳሜውንም ለቅሶ ይቀመጥ? መሳቅ ነው የምንፈልገው። ባለፈው ፍላሽ የሚጭነው ልጅ «ፐርፌክት ዴይስ የሚባል አለ፣ አትለፈው» ብሎ ጫነልኝ። አንድ ጃፓናዊ ሽንት ቤት ሲያጸዳ ከሁለት ሰዓት በላይ! አጸዳ፣ በላ፣ ተኛ። ነጋ፣ አጸዳ።

የብሎክ 7 እናት፦ የኔ ወንድም፣ እኔ እንጀራዬ ጽዳት ነው። ፊልሙን ከልጄ ጋር አይቼዋለሁ። ሰውዬው ከመቀመጫው ሥር ማንም የማያየውን ቦታ በትንሽ መስታወት እያየ ሲያጠራው ትዝ አይልህም? እኔ ስሠራ ሰው በአጠገቤ የሚያልፈው እንደ ግድግዳ ቆጥሮኝ ነው። ተዋናዩ፣ ኮጂ ያኩሾ ነው ስሙ፣ በ2023 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በዚሁ ተሸልሟል፤ ይበለው። አንተ ደግሞ ሰውዬው መኪናው ውስጥ የሚያጫውታቸውን ካሴቶች እንኳ አላየህም?

የሚኒባስ ሹፌሩ፦ ካሴቱማ አሪፍ ነው። እሱን አልካድኩም።

የብሎክ 3 ልጅ፦ የውጭ የውጭ ትላላችሁ፣ የኛስ? የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» አለ፣ በፈረንጆቹ 2019። በድሮው ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ፍርድ ፍለጋ የሚጓዙበት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል። ስለ ጠለፋ የሚያወራው «ዲፍሬት» በ2014 አሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል።

ጡረተኛው መምህር፦ ቁጥር ካመጣህ አይቀር አብረን እንቁጠር ልጄ። 2008፣ 2014፣ 2019። በአምስት በስድስት ዓመት አንዴ ዘንቦ «ድርቅ የለም» ትለኛለህ? «ዲፍሬት»ማ እዚሁ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በእግድ መቆሙን ረሳኸው?

የብሎክ 19 እትዬ፦ ዝም ልል ነበር፣ የነርሷን ሳነብ አላስችል አለኝ። ልጄ ለፋሲካ ሲመጣ «አይም ስቲል ሂር» የሚል የብራዚል ፊልም አሳየኝ። በ2025 ኦስካር ያገኘ ነው። በፈረንጆቹ 1971 የመንግሥት ሰዎች ባልየውን፣ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ነው፣ ከቤቱ ለጥያቄ ብለው ይወስዱታል። በዚያው ቀረ። ሚስትየዋ አምስት ልጆች ይዛ ትቀራለች። ጋዜጠኞች መጥተው ለፎቶ አዝናችሁ ታዩ ሲሏቸው ልጆቿን «ሳቁ» አለቻቸው። የሞት ምስክር ወረቀቱን የሰጧት በ1996 ነው፣ ከ25 ዓመት በኋላ። ወረቀቱን ይዛ እፎይ ስትል አየኋት። እኔም ወንድሜን በ70 ዓ.ም. ከቤት ወስደውት እናቴ እስክትሞት ራቱን እያስቀረች ትደፋ ነበር። ወረቀት የሰጠን የለም። ሰው በሞት ወረቀት እፎይ ይላል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

ነርሷ፦ እትዬ፣ ይሄን ነው ማየት ያለብን።

የብሎክ 3 ልጅ፦ ይሁን፣ ግን ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ።

የብሎክ 19 እትዬ፦ ለኔ ልጄ እያቆመ ተረጎመልኝ። መምህር አሉ አይደል?

የብሎክ 3 ልጅ፦ በፊልም ላይ እየተወራማ አይሆንም! ዝምታውስ? ፊልሙን መግደል ነው።

የብሎክ 7 እናት፦ ቃና ላይ ቱርኮቹ በአማርኛ ሲጨቃጨቁ ማን ሞተ?

የብሎክ 3 ልጅ፦ ያ ድምፅ ተቀድቶ ነው፣ ይሄ ከጎን ቆሞ መጮህ ነው።

የሚኒባስ ሹፌሩ፦ አንተ ቪዲዮ ቤት አልደረስክም። እዚያ የህንዱን ፊልም ያሳመረው ተርጓሚው ነበር። ግማሹን ከራሱ ይጨምር ነበር መሰለኝ።

የብሎክ 19 እትዬ፦ ልጄ፣ አንተ እያነበብክ ታያለህ። እኔ ምን ልይ?

የብሎክ 12 አስተባባሪ፦ እሺ፣ የዚህ ቅዳሜ «ቁራኛዬ»፣ አማርኛ ስለሆነ ጠብ የለውም። የሚቀጥለው የብራዚሉ። ወንበር ከእድሩ ተፈቅዷል፣ ጋቢ ግን የየራሳችሁን ያዙ፣ አዳራሹ ይበርዳል። ስለ ትርጉሙ መምህር ምን ይላሉ?

ጡረተኛው መምህር፦ ሳላየው አልተረጉምም። ፍላሹን ለጥበቃው ስጡልኝ፣ ማታ ስገባ እወስደዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሳላየው አይሆንም።