ጮቄ ላይ ማኒኮቶ ቢሰነጠቅ ምን ይደረጋል?

የስናን መንገደኛ

ሰላም ወገኖች። ከደብረ ማርቆስ በረብ ገበያ አድርጌ፣ ጮቄን አቋርጬ፣ ወደ ድጓ ጽዮን ዘር ድንች አመላልሳለሁ። መኪናዋ አሮጌ ዲዝል ሃይሉክስ ናት። ባለፈው ሳምንት ዳገቱን ልጨርስ ስል ሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። ኮፈኑን ብከፍተው የላይኛው ማኒኮቶ (ውሃውን በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ) መታጠፊያው ላይ የጥፍር ያህል ተሰንጥቆ ውሃውን ይረጫል። ጉም ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደርሶ በፕላስተር ጠቀለለልኝና "የራዲያተሩን ክዳን ላላ አድርገህ ንዳ" አለኝ። ፕላስተሩ ወዲያው ለቀቀ። ውሃውም እየፈላ ስንቴ አቆመኝ።

ክዳኑን ማላላት ልክ ነው? ክረምቱ ሳይገባስ መኪናው ውስጥ ምን ልያዝ?

የደጀን ልጅ

ወንድሜ፣ ጥሬ እንቁላል ራዲያተሩ ውስጥ ጨምርበት። ሙቀቱ ያበስለውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የአባይን ዳገት ስንወጣ ሲሠራ አይቻለሁ።

የድሮ ሾፌር

እንደምን ዋልክ ልጄ። በዚያ መንገድ ብዙ ዓመት ነድቻለሁና ረዘም ላድርገው።

እንቁላሉን ተወው። የደጀን ልጅ አይቀየመኝ፤ እንቁላል ቢረዳ የሚረዳው ራዲያተሩ ራሱ በመርፌ ቀዳዳ ሲያንጠባጥብ ነው። ለተሰነጠቀ ማኒኮቶ አይሆንም። ኋላ ደግሞ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል።

ፕላስተሩ ያልያዘው ማኒኮቶው እርጥብና ትኩስ ስለነበረ ነው። የሚይዘው የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር የሚሞላው የውስጥ ላስቲክ ነው። ሙጫ አይፈልግም፣ ተለጥጦ በራሱ ጉልበት ይጨብጣል። ሦስት ጣት የሚያህል ስፋት፣ ከክንድ የሚረዝም ቁረጥና ጋቢና ውስጥ አስቀምጥ። መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድም ታገስ፤ ትኩስ ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል። ከዚያ ማኒኮቶውን በጨርቅ አድርቀው። ከስንጥቁ አራት ጣት ያህል ራቅ ብለህ ጀምር። ላስቲኩ እስኪሳሳ ድረስ ለጥጠው፤ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር ግማሹን ይሸፍን። ስንጥቁን አልፈህ ሂድና ተመለስ። ጫፍና ጫፉን በሽቦ አስረህ በፒንሳ ጠምዝዝ፣ ሽቦው ግን ስንጥቁ ላይ አይረፍ። የተሰነጠቀው ጫፉ አካባቢ ከሆነማ ቀላል ነው፤ ማጥበቂያውን በካቻቢቴ ፈተህ፣ የተሰነጠቀውን ቆርጠህ ጥለህ፣ የቀረውን ስበህ መልሰህ ታስገባዋለህ።

አሁን ወደ ክዳኑ። ሾፌሩ ያለህ ውሸት አይደለም። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃውም በስንጥቁ መርጨቱን ይቀንሳል። ቆላ ላይ ይህ ያስኬዳል። ጮቄ ላይ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከ3500 ሜትር በላይ እንግዲህ 88 ገደማ ላይ ይፈላል ማለት ነው። የዲዝል ሞተር ደግሞ በጤናውም 80ዎቹ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጥብቅ ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ይከላከላል፤ አንተ ስታላላው ያ መከላከያ ተነሳ። እያፈላ ያስቆመህ ይኸው ነው። እኔ የምመክርህ፣ ጥቅሉ ከያዘ ክዳኑን ግጠም። ካልያዘ ብቻ አላላው፣ ያውም ቁልቁለት ላይ።

ቁልቁለቱን በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ነዳጅ አትስጥ። ያኔ ሞተሩ ብዙ ሙቀት አይፈጥርም፣ ፓምፑ ግን ውሃውን ማዞሩን አያቆምም። ሞተር አጥፍተው በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) የሚወርዱ አሉ፤ አደራህን እንዳታደርገው፣ ፍሬኑ ጉልበት ያጣል። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስልሃል። ውሃ ከምንጭ ስትቀዳ በነጠላ አጥልለው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ከገለበጥክ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል፤ በረድ ሲል አስነሳና ጥቂት በጥቂት ጨምር።

የስናን መንገደኛ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከመነዳሪውን ዛሬውኑ ከጎሚስታ ወሰድኩ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝ። አንድ ልጨምር፦ ወደ ድጓ ጽዮን ሲወረድ መንገዱ ላይ የፈጠጠ ድንጋይ አለ። የነዳጅ ታንከሩን ቢበሳውስ?

የቢቸናው መካኒክ

ደረቅ የልብስ ሳሙና ያዝ። ናፍጣ ሳሙናን አያሟሟውም። ቀዳዳውን ጠርገህ፣ ሳሙናውን በውሃ ሳትነካ አሽተህ በአውራ ጣትህ ግፋበት። ላዩን በከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍነህ እሰረው፤ ዝናብና ጭቃ ካገኘው ይሄዳል። እስክትጨርስ ድረስ ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጋ።

ክረምት ላይ ወደ እኛ ሜዳ ከወረድክ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ሰፋ ያለ ጣውላ ጫን። ዋልካው ክሪክን ይውጣል እንጂ መኪና አያስነሳም። ጣውላውን ከክሪኩ ሥር አንጥፍ፤ ከመኪናው ሥር ግን ስኮርት (ትርፍ) ጎማውን አጋድመህ ሳታስገባ እጅህን አትስደድ።